ለሰውየው ወይስ ለፓርቲው? የአንዲት ድምፅ ሁለት ሥራ

በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ባሳወቁ በቀናት ውስጥ፣ በወቅቱ ኦሕዴድ ይባል የነበረው፣ የገዥው ግንባር የኢሕአዴግ አባል ድርጅት ሊቀመንበሩን ለወጠ። አቶ ለማ መገርሳ ቦታቸውን ለቀቁ፤ ዶክተር ዐቢይ አሕመድም ሊቀመንበር ሆኑ። በዚያ ሰሞን ስሙ በየቤቱና በየመንገዱ ይነሳ የነበረው ይበልጡን የአቶ ለማ ነበር። ነገር ግን አቶ ለማ የክልሉ ምክር ቤት የጨፌ ኦሮሚያ አባል እንጂ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል አልነበሩም። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል እንደሚመረጥ ይደነግጋል። ዶክተር ዐቢይ በ2007ቱ ምርጫ ከጅማ ዞን ተመርጠው መቀመጫ ነበራቸው። መጋቢት ላይ 180 አባላት ባሉት የኢሕአዴግ ምክር ቤት 108 ድምፅ አግኝተው የግንባሩ ሊቀመንበር ሆኑ። መጋቢት 24 ቀን ፓርላማው ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ ሰየማቸው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ስለ ሰዎቹ ለመፍረድ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ድምፁን የሰጠ ሰው ምን እንደመረጠ እንዲታሰብ ነው። የጅማ ዞኑ መራጭ አንድ የምክር ቤት አባል መረጠ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ያ መቀመጫ የአገሪቱን መሪ የሚወስን ሆኖ ተገኘ። የሌላው አካባቢ መራጭ የኢሕአዴግ የንብ ምልክት ያለበትን ዕጩ መረጠ፤ መሪውን ግን የወሰኑለት ድምፅ ያልሰጣቸው፣ ስማቸውን እንኳን የማያውቃቸው 180 የድርጅት ሰዎች ናቸው። ሰውም ፓርቲም በዚያች አንዲት ወረቀት ላይ ነበሩ። መራጩ ግን ሁለቱን ለይቶ የሚመዝንበት ዕድል አልነበረውም።

ምርጫ በመጣ ቁጥር በሻይ ቤቱም በታክሲውም የሚሰማው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ነው። አንዱ «እኔ የማውቀውን ሰው ነው የምመርጠው፣ ፓርቲ ምን ያደርግልኛል» ይላል። ሌላው «ሰው ብቻውን ምን ያመጣል፣ ፕሮግራሙን እይ» ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰምቶ «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» ብሎ ይተዋቸዋል። በሕገ መንግሥቱ የአምስት ዓመት ስሌት መሠረት ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ የ2018 ዓ.ም. ጉዳይ ነውና ክርክሩ ዛሬም የሁላችንም ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፤ በአሁኑ ሥርዓታችን ፓርቲውን ረስቶ ሰውየውን ብቻ መምረጥ አይቻልም፤ ይሁን እንጂ ሰውየውን ማን እንዳቀረበው የማይጠይቅ መራጭ ፓርቲውንም መርጧል ማለት ያስቸግራል።

ሕጉ የሚለውና ምክር ቤቱ የሚሠራው

በሕጉ ከሄድን የምንመርጠው ሰው ነው። አገሪቱ በምርጫ ክልሎች ተከፋፍላለች። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከእያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ይመረጣል፤ ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያልፋል፤ የቀሩት ሁሉ ያገኙት ድምፅ እዚያው ይቀራል። ወረቀቱ ላይ የዕጩው ስምና ምልክቱ አለ። በግል መወዳደርም ይፈቀዳል። አንቀጽ 54 ከዚህም አልፎ፣ የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውንና ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ሁለት አንቀጽ ወረድ ብለን 56ን ስናነብ ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘ የፖለቲካ ድርጅት ወይም የድርጅቶች ጥምረት የአስፈጻሚውን አካል ያደራጃል፣ ይመራል። እዚህ ላይ ሰውየው ጠፍቶ የሚቆጠረው መቀመጫ ነው። የአንድ ወረዳ ተመራጭ ደግ ይሁን ክፉ፣ ያንብብ አያንብብ፣ መንግሥት በሚመሠረትበት ቀን አንድ እጅ ነው።

ስለዚህ ያቺ አንዲት ምልክት ሁለት ሥራ ትሠራለች። ወኪል ትልካለች፣ መንግሥትም ትመሠርታለች። በሌሎች አገሮች ይህ ሥራ ተከፋፍሏል። ኬንያዊ መራጭ በአንድ ቀን ስድስት ወረቀት ይሰጠዋል፤ ፕሬዚዳንቱን ለብቻው፣ ገዥውን ለብቻው፣ የፓርላማ አባሉን ለብቻው ይመርጣል። ከዚህም በላይ የኬንያ የፓርላማ አባል ለምርጫ ክልሉ የሚመደብ የልማት ፈንድ ላይ እጁ አለበት። ትምህርት ቤት ሲታደስ፣ ለችግረኛ ተማሪ ክፍያ ሲሸፈን ስሙ ይነሳል። እዚያ «ሰውየውን ነው የምመርጠው» ማለት ሊጨበጥ የሚችል ትርጉም አለው። የእኛ የምክር ቤት አባል በእጁ እንዲህ ያለ ገንዘብ የለውም። መንገዱን፣ ውኃውን፣ መብራቱን የሚወስነው አስፈጻሚው ነው። ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ አባሉ በዕረፍቱ ወቅት ወደ መራጮቹ ሄዶ ቅሬታ ይሰማል፤ የሰማውን ይዞ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሚኒስቴሩ ፈንታ ነው። «ጠንካራ ሰው ልከን አስፋልት እናስገባ» ብሎ የሚመርጥ ሰው የተመራጩን ሥልጣን ከልክ በላይ ገምቷል።

ሁለቱንም ጫፍ አይተነዋል

በዚህ አገር ታሪክ ሰውን ብቻ የመረጥንበት ዘመን ነበረ። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ በሕዝብ ሲመረጡ ፓርቲ የሚባል አልነበረም። ዕጩው ሀብት ያለው መሆን ነበረበት፤ የሚወዳደረውም በራሱ ስም፣ በራሱ ዝናና በራሱ ገንዘብ ነበር። ከዚያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን የመሰለች ሴት ወጥታለች፤ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናት፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆናም ሠርታለች። ሰውን የመምረጥ ፍሬ ይህ ነው፤ ማንም ድርጅት ያላቀረባት ሴት በራሷ ብቃት ወንበር አገኘች።

ይሁን እንጂ ያ ምክር ቤት መንግሥት አልመሠረተም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ፕሮግራም ይዞ የተሰለፈ ስለሌለ፣ እያንዳንዱ አባል የየራሱን ጥቅም እየጠበቀ ተቀመጠ። የባለ ርስትና የጭሰኛ ግንኙነትን የሚያሻሽለው ረቂቅ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ሳይጸድቅ የቀረው እንዲሁ አይደለም። ከፊቱ ያለው ብዙው ተመራጭ ራሱ ባለ መሬት ነበር። ጭሰኛው «መሬት ላራሹ» የሚል ዕጩ ፈልጎ ቢሆን እንኳን፣ ያንን ሰው ከሌላው ወረዳ ተመሳሳይ ሰው ጋር የሚያስተሳስረው አንዳች ነገር አልነበረም። ከስድስት አሥርት ዓመታት በኋላ «ፓርቲ ይቅርብን፣ ደህና ደህና ሰው እንምረጥ» የሚሉ ሰዎችን ስሰማ ይህ ምክር ቤት ትዝ ይለኛል።

ሌላኛው ጫፍ በሰኔ 1979 ዓ.ም. መጣ። የብሔራዊ ሸንጎው 835 አባላት ተመረጡ፤ ዕጩዎቹን ግን ያቀረቡት የደርግ ዘመኑ ብቸኛ ፓርቲ ኢሠፓና በእርሱ ሥር ያሉ ድርጅቶች ነበሩ። መራጩ በሰዎች መካከል እንዲመርጥ ተፈቀደለት፤ ሁሉም ግን ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው ምርጫ ሰው ነበረው፣ ፓርቲ አልነበረውም። ይኸኛው ፓርቲ ነበረው፣ ሰዎቹ ጌጥ ነበሩ። በሁለቱም ዘመን መራጩ መንግሥት አልለወጠም።

መቀመጫው የማን ነው?

ከዚህ ክርክር ሁሉ በጣም የሚከብደኝ ጥያቄ ከምርጫው በኋላ የሚነሳው ነው። ተመራጩ ከፓርቲው ጋር ቢለያይ፣ ወይም ፓርቲው ራሱ ቢለወጥ፣ ድምፁ የማን ነው?

የ1997ቱ ምርጫ ይህን ጥያቄ በደም ጭምር አስነስቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት 23ቱንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን ወሰደ። ቁጥሩን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። 137 የተለያዩ ሰዎች፣ በየሰፈሩ ከተወዳደሯቸው ሁሉ በግል ብቃታቸው በልጠው ተገኙ ማለት አይቻልም። የከተማው ከንቲባ አቶ አርከበ ዕቁባይ በሥራቸው ብዙ ሰው የሚያመሰግናቸው ሹም ነበሩ፤ ምስጋናው ግን ለድርጅታቸው ድምፅ አላመጣም። የአዲስ አበባ ሕዝብ ያን ቀን የቅንጅትን የሁለት ጣት ምልክት አይቶ ነው የመረጠው። መንግሥት ሊለውጥ ፈልጎ ነበርና ትክክለኛውን መሣሪያ ተጠቅሟል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ግን ቅንጅት ፓርላማ አልገባም አለ። መሪዎቹ ታሠሩ። ከተመራጮቹ ብዙዎቹ የፓርቲውን ውሳኔ ትተው ገቡ፤ ሌሎቹ አልገቡም። የገቡት «ሕዝብ የመረጠው እኔን ነው፣ ድምፁን ይዤ ቤት አልቀመጥም» አሉ። ያልገቡት «ሕዝብ የመረጠው ድርጅቱን ነው፣ ያለ ድርጅቱ ውሳኔ መቀመጫው የእኔ አይደለም» አሉ። በአገር ውስጥም በውጭም የገቡትን ከሃዲ ያለ ስንት ሰው ነበር። በአንቀጽ 54 ዓይን ሲታይ የገቡት ትክክል ናቸው፤ ተገዥነታቸው ለሕሊናቸው ነው። ድምፁ በተሰጠበት መንፈስ ሲታይ ደግሞ ያልገቡት ትክክል ናቸው። ሕጉ አንድ ነገር ጽፎ መራጩ ሌላ ነገር ሲያደርግ ተመራጩ በሁለቱ መካከል ይቀደዳል። የከተማው ምክር ቤት ደግሞ ከነጭራሹ ሥራ ሳይጀምር ቀረ፤ አዲስ አበባ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ በሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ሥር ገባች። ሰው ይሁን ፓርቲ የመረጠው ሕዝብ ሁለቱንም አላገኘም።

ሁለተኛው ምሳሌ ያለ ጩኸት ያለፈ ነው፤ በመርሕ ደረጃ ግን ከመጀመሪያው አይተናነስም። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የምክር ቤቱን መቀመጫዎች በሙሉ ያዙ። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ግንባሩ ፈርሶ፣ ከአጋር ድርጅቶቹ ጋር ወደ ብልጽግና ፓርቲ ተዋሐደ፤ ሕወሓት አልቀላቀልም አለ። የፓርላማው አባላት ወንበራቸውን እንደያዙ የሌላ ፓርቲ አባላት ሆኑ። ውሕደቱ ደገፍነውም ነቀፍነውም፣ አንድ ነገር እውነት ነው፤ በንብ ምልክት ድምፅ የሰጠ ሰው እስከ ሰኔ 2013 ድረስ የተወከለው ባልመረጠው ፓርቲ ነው፤ ማንም ፈቃዱን አልጠየቀውም። የተመረጠው ሰው ነው ካልን ችግር የለም፤ ሰውየው እዚያው አለ። የተመረጠው ፓርቲ ነው ካልን ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ መቀመጫዎች ባለቤታቸው ተለውጧል። እንዲህ ያለ ውሕደት ሲፈጸም ቢያንስ ተመራጩ ወደ ምርጫ ክልሉ ተመልሶ በይፋ ማስረዳትና መጠየቅ እንዳለበት ሕግ ቢወጣ ለሁሉም ወገን ክብር ነው። ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ወኪል ከቦታው የማንሳት መብት በአንቀጽ 12 ተጽፏል፤ የአሠራሩ መንገድ ግን ለተራው መራጭ እጅግ ሩቅ ነው።

ሰውየው የሚያስፈልግበት ሰዓት

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ምልክቱን ብቻ እንይ» ሊል ይችላል። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. በፓርላማው የሆነውን ያስታውስ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለማጽደቅ በቀረበበት በዚያ ቀን፣ አንድም የተቃዋሚ ተመራጭ በሌለበት ምክር ቤት ውስጥ 88 አባላት ተቃወሙ፤ ሰባት ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የድጋፉ ቁጥር ሁለት ዓይነት ተነግሮ ክርክር ያስነሳውም ያን ዕለት ነው። አዋጁ ጸደቀ ተባለ። ይሁን እንጂ እነዚያ 88 እጆች በአገሪቱ ፖለቲካ ውስጥ የነበራቸውን ክብደት በጊዜው የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ሁሉም በአንድ ግንባርና በአጋሮቹ ስም የተመረጡ ናቸው። ከመካከላቸው ማን እጁን እንደሚያነሳ፣ ማን እንደማያነሳ የለየው ምልክቱ አልነበረም። መራጮቻቸው በቁጣ ላይ እንደነበሩ የሚያውቁ፣ ወደ ምርጫ ክልላቸው ሲመለሱ የሚጠብቃቸውን ፊት ያሰቡ ሰዎች ነበሩ።

የአንድ ሰው ብቃት በሌላም ቦታ ይታያል፤ በቋሚ ኮሚቴ ውስጥ። በምልዓተ ጉባኤው እጅ ማውጣት ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። የዋናው ኦዲተርን ሪፖርት ገጽ በገጽ አንብቦ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ይህ ገንዘብ የት ገባ» ብሎ መጠየቅ ግን ሰው ይጠይቃል። በስድስተኛው ምርጫ የተመሠረተው ምክር ቤት የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮችን የሚከታተለውን ቋሚ ኮሚቴ እንዲመሩ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ተመራጭ የሆኑትን አቶ ክርስቲያን ታደለን ሰይሞ ነበር። አምስት መቀመጫ ብቻ ያለው ፓርቲ ተመራጭ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተቋማትን የኦዲት ግኝት በአደባባይ ይጠይቅ እንደነበር አይተናል። እኚሁ ተመራጭ በ2015 ዓ.ም. ታሠሩ፣ በ2016 ያለመከሰስ መብታቸው ተነሳ። በጉዳያቸው ላይ ማንም የፈለገውን አስተያየት ይኑረው፤ ከዚህ ታሪክ ለመራጩ የሚተርፈው ጥያቄ፣ ጠያቂ ሰው ልኮ ምን ያህል ሊጠብቀው ይችላል የሚለው ነው። ብርቱ ተመራጭ ከጀርባው ብርቱ ቡድን ከሌለው ብቻውን ይቀራል። በ2002 ዓ.ም. ከመላ አገሪቱ ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ ሆነው የገቡት የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ ለአምስት ዓመት ሐሳባቸውን ተናገሩ፤ በዚያ ብቸኝነት ውስጥ ድምፃቸው መሰማቱ ዋጋ ነበረው። አንድም ሕግ ግን ሊያስቀይሩ አልቻሉም።

የግል ዕጩዎች ነገርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከድርጅታቸው ከተለዩ በኋላ በ1997 በግል ተወዳድረው ደምቢ ዶሎ ላይ ሲያሸንፉ፣ መራጩ የመረጠው ጥርት ብሎ ሰው ነው፤ የሚያውቀውን፣ በአቋሙ ምክንያት የተጎዳን ሰው። በ2002 ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ በግል ገቡ። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ፣ ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና 410 ሲወስድ አራት የግል ዕጩዎች አለፉ፤ ከእነርሱ አንዱ የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ የሆኑት ዲያቆን ዳንኤል ክብረት ናቸው። ሦስቱን ስናይ የግል ዕጩ የሚለው መጠሪያ ብቻውን ስለ ሰውየው አቋም ምንም እንደማይነግረን እንረዳለን። ከመንግሥት ጋር የተጋጨም፣ ከመንግሥት ጋር የሚሠራም በዚሁ ስም ይቀርባል። ስለዚህ ለግል ዕጩ የሚቀርበው የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጠባዩ መሆን የለበትም። ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ማንን ትደግፋለህ፣ በጀት ሲቀርብ ከማን ጋር ትቆማለህ፣ የሚለው ነው። ይህን ሳይመልስ «እኔ የማንም አይደለሁም» የሚል ዕጩ መራጩ ግማሹን ድምፁን በጨለማ እንዲሰጥ እየጠየቀው ነው።

አንድ የማልዘለው ነገር አለ። በእኛ አገር «ሰውየውን ነው የምመርጠው» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ «የአካባቢዬን ልጅ ነው የምመርጠው» ማለት ይሆናል። ሰውየው ምን እንደሠራ፣ ምን እንደሚያስብ ሳይጠየቅ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ብቻ ይጠየቃል። ፓርቲዎቻችንም አብዛኞቹ በብሔር የተደራጁ በመሆናቸው ከሰው ወደ ፓርቲ መሸሽ ከዚህ አያድነንም። አብሮ አደግን ማመን ተፈጥሯዊ ነው፤ ግን ያ ልጅ ከተመረጠ በኋላ ምን ብሎ እጁን እንዳወጣ መከታተል ካልተጨመረበት፣ አምነን የላክነው ሰው ለአምስት ዓመት ያለ ጠያቂ ይቀመጣል።

ሌሎች እንዴት አደረጉት

በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚመርጡት ፓርቲ ብቻ ነው። አገሪቱ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ናት፣ 120 መቀመጫ አለ፣ ፓርቲው የስም ዝርዝር ያቀርባል፤ ቢያንስ 3.25 በመቶ ድምፅ ያገኘ መቀመጫ ይከፋፈላል። መራጩ ከዝርዝሩ ስም መሰረዝም ማስቀደምም አይችልም። ከኢትዮጵያ የሄዱ አይሁዶች በ1996 እ.ኤ.አ. አዲሱ መሰለን፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጵኒና ታማኖ ሻታን በምክር ቤቱ ያዩት ፓርቲዎች ስማቸውን ሊያስመርጥ በሚችል ቦታ ላይ ስላስቀመጡላቸው ነው። ለአናሳ ማኅበረሰብ ይህ ሥርዓት ጥቅም አለው፤ በየትኛውም ወረዳ ብልጫ የሌለው ሕዝብ በዝርዝር ውስጥ ቦታ ያገኛል። ጉዳቱ ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ታየ። በሰማያዊና ነጭ ዝርዝር የተመረጡት ጋዲ ይቨርካን ወደ ሊኩድ ተሻገሩ። የአንዱን ፓርቲ ዝርዝር የመረጠ ሰው ወኪሉ በተቃራኒው ወገን ዝርዝር ላይ ሲሰፍር ተመለከተ።

ጀርመኖች ሁለት ድምፅ ሰጥተው መፍትሔ ያገኙ መስሎ ነበር፤ አንዱ ለወረዳው ሰው፣ ሌላው ለፓርቲው። በ2023 እ.ኤ.አ. ሕጋቸውን ሲያሻሽሉ ግን የፓርቲው ድምፅ ካልሸፈነው በወረዳው ያሸነፈ ሰው እንኳን መቀመጫ እንዳያገኝ ወሰኑ። በ2025 እ.ኤ.አ. ምርጫ 23 የወረዳ አሸናፊዎች ከፓርላማ ውጭ ቀሩ። ሰውንም ፓርቲንም እኩል ማክበር እንዲህ ቀላል አይደለም።

በእኛም አገር በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ኢሕአዴግና ተቃዋሚ ፓርቲዎች ባደረጉት ድርድር፣ የአብላጫ ድምፁን ከተመጣጣኝ ውክልና ጋር የሚያጣምር ቅይጥ ሥርዓት ላይ ተስማምተው ነበር። ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱን አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ስለሚወስንና የአመራረጡንም ዓይነት ስለሚደነግግ፣ ነገሩ ማሻሻያ ይፈልግ ነበር። ከዚያ የፖለቲካው ነፋስ ተለወጠና ተረሳ። እኔ ቢመለስ ደስ ከሚላቸው አንዱ ነኝ። መራጩ ሁለት ነገር እያሰበ አንድ ምልክት ከሚያደርግ፣ ሁለት ምልክት ቢያደርግ ይሻላል። አሁንም ቢሆን በምርጫ ቀን ሁለት ወረቀት እንደሚሰጠን ብዙ ሰው ልብ አይልም። አንዱ ለፌዴራሉ፣ አንዱ ለክልሉ ወይም ለከተማው ምክር ቤት ነው። ለክልልና ለከተማ ምክር ቤት ከአንድ ምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ሰው የሚመረጥበት ቦታ አለ። በፌዴራሉ ወረቀት ላይ መንግሥት ማን ይሁን የሚለውን አስቀድሞ፣ በሌላኛው ላይ ጠባዩንና ሥራውን የምናውቀውን ሰው ከየትም ፓርቲ ይምጣ መምረጥ ሕጉ ይፈቅዳል። ሁለቱንም ወረቀት በአንድ ምልክት መሙላት ግዴታ አይደለም።

ከድምፁ ቀን በፊት ያለው ምርጫ

ዋናው ምርጫ ግን መራጩ ሳይጠራ ያልቃል። ፓርቲው ለአንድ ወረዳ ማንን ያቀርባል የሚለው ውሳኔ በአብዛኛው የሚሰጠው በጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ፓርቲ በሚያሸንፍበት አካባቢ ተመራጩ የሚታወቀው በዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ በሰኔ የሚሰለፈው ሕዝብ የሚያጸድቀው ያለቀ ነገር ነው። መራጩ ስለማያውቀው ዕጩ ያማርራል፤ ዕጩውም የሚፈራው ያቀረበውን ክፍል እንጂ መራጩን አይደለም። በየካቲት 2010 እነዚያ 88 ሰዎች ያደረጉት ብርቅ የሆነብን ለዚህ ነው።

ይህን ለመለወጥ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልግም። የእስራኤሉ ሊኩድ ዝርዝሩን ለአባሎቹ ምርጫ ያቀርባል፤ ሌበርም እንዲሁ ያደርግ ነበር። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. ሰባት ፓርቲዎች ተዋሕደው ኢዜማን ሲመሠርቱ አደረጃጀቱን በምርጫ ወረዳ ላይ መሥርተው ነበር፤ የፓርቲውን ሊቀመንበርና ለመንግሥት ሥልጣን የሚወዳደረውን መሪም ለይተው መረጡ። በውጤቱ አራት መቀመጫ ብቻ ማግኘቱ ሐሳቡን ውድቅ አያደርገውም። ገዥው ፓርቲም ቢሆን በሚሊዮን የሚቆጠሩ አባላት እንዳሉት ይናገራል። ለእያንዳንዱ ወረዳ ሁለትና ሦስት ሰው አቅርቦ፣ በአዳራሽ አከራክሮ፣ የዚያው ወረዳ አባላት በምስጢር ድምፅ እንዲለዩ ቢያደርግ የሚያጣው ነገር የለም። የሚያገኘው መራጮቹን የሚያውቅ ዕጩ ነው።

ለመራጩ ደግሞ ዕጩው ቅስቀሳ ሲመጣ የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። ማን አቀረበህ? ከአንተ ጋር ማን ተወዳደረ? ባለፈው የምክር ቤት ዘመን ካገለገልክ፣ በየትኛው ቋሚ ኮሚቴ ነበርክ፣ የትኛውን ሚኒስትር ምን ጠየቅህ? ፓርቲህ ወደ ሌላ ቢቀላቀል ወይም ቢከፈል መጥተህ ትነግረናለህ? ፓርቲህ የዚህን ወረዳ ሕዝብ የሚጎዳ አዋጅ ቢያቀርብ እጅህን ወዴት ታነሳለህ? የመጨረሻውን ጥያቄ «ፓርቲያችን እንዲህ ያለ አዋጅ አያቀርብም» ብሎ የሚያልፍ ዕጩ ካጋጠመ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ጥያቄውን ደግሞ ሊያቀርብለት ይገባል።